ታስሯል ብላችሁ ጻፉ

አባቴ የተሰረዘው በቀይ እስክሪብቶ ነው። የጤና መድን ደብተራችን ውስጠኛው ገጽ ላይ አራት ጉርድ ፎቶዎች አሉ፤ የአባቴ፣ የእናቴ፣ የእኔና የታናሽ እህቴ። የአባቴ ላይ ከግራ ትከሻው ተነስቶ በቀኝ ጆሮው በኩል የሚወጣ መስመር ተሰምሯል። መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፤ ያሰመረው ሰው ማስመሪያ ተጠቅሟል ማለት ነው። ከሁሉ ያናደደኝ እሱ ነው፤ ማስመሪያ ፈልጎ ማምጣቱ። ከፎቶው ጎን ባለችው ጠባብ ቦታ ላይ በኦሮምኛ ተጽፎበታል፤ ወደ አማርኛ ስመልሰው «ለቅቆ ሄዷል» ነው።

አባቴ የትም አልሄደም። ታስሮ ነው።

ይህችን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ከአንድ ዓመት በላይ ፈጅቶብኛል። አሁን ግን ስጽፋት ደስ ትለኛለች፤ ደግሜም ልጽፋት እችላለሁ። አባቴ ታስሮ ነው።

የምንኖረው በአምቦ መንገድ ላይ ከተደረደሩት ትንንሽ ከተሞች በአንዷ ነው። ስሟን አልጽፍም፤ የማረሚያ ቤቱንም ከተማ አልጽፍም፤ የምጽፈው ሰው ለማሳጣት አይደለምና። አባቴ ከእኛ ሁለት ከተማ አልፎ ባለ የእህል መጋዘን ዘበኛ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ይመጣል፣ እሑድ ከጸሎት ቤት መልስ ይሄዳል። አንድ ሳምንት መጋዘኑ ተዘረፈ። አባቴ «እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር» አለ፤ ዐቃቤ ሕጉ «በሩን የከፈተላቸው እሱ ነው» አለ። የትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ፍርድ ቤቱ ግን አራት ዓመት ፈረደበት፤ በፍርዱ አልከራከርም። ነገር ግን አራት ዓመት ብሎ የፈረደው ዳኛ «እግሩም ይበስብስ» ብሎ አልጨመረበትም።

እናቴ ለጎረቤት የተናገረችው ሌላ ነው። «ወለጋ ሥራ አግኝቶ ሄደ» አለች። መጀመሪያ ላይ አንድ ሰው ጠየቃት፣ መለሰችለት። ከዚያ ሌላው ጠየቃት፣ ያንኑ መለሰች። ውሸት እንደ ጎመን ነው፤ አንዴ ከተተከለ በየቀኑ ቅጠል ይቆረጥለታል። ወለጋ ውስጥ የት ነው ሲሏት የቦታ ስም አወጣች፣ ምን ዓይነት ሥራ ነው ሲሏት የመንገድ ሥራ አለች፣ ደወለ ወይ ሲሏት ኔትወርክ የለም አለች። እኔና እህቴም ተማርነው። እህቴ ትምህርት ቤት ውስጥ አባቷ ግሬደር እንደሚነዳ ትናገር ነበር። ግሬደሩን ማን እንደጨመረው አላውቅም።

እኛ ጴንጤዎች ነን። ጸሎት ቤታችን ውስጥ እሑድ እሑድ የጸሎት ርእስ ይነበባል፤ የታመመ፣ የወለደች፣ ፈተና ያለበት ተማሪ። የእኛም ርእስ ገባ፤ «በሩቅ አገር ለሥራ ስለሄደው ወንድማችን»። ጉባኤው ሁሉ ዐይኑን ጨፍኖ አባቴ ከዚያ ሩቅ አገር በሰላም እንዲመለስ ይለምናል። አባቴ ያለው በሚኒባስ ግማሽ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ነው። እኔም ከሰው ጋር አሜን እላለሁ።

ቅዳሜ ደግሞ እናቴ «ገበያ» ብላ ትወጣለች። ሰው ገበያ የሚሄደው ባዶ ዘንቢል ይዞ ሞልቶ ሊመለስ ነው። እናቴ ዘንቢሏን ሞልታ ትወጣና ባዶውን ይዛ ትመለሳለች። ይህን ያላየ ጎረቤት ካለ ዐይኑን መመርመር አለበት።

ሰኔ ላይ ትምህርት ሊዘጋ ሲል እናቴን «እኔም ልምጣ» አልኳት። ብዙ ጊዜ አትወስደኝም። ያን ዕለት ግን ወገቧን አሟት ስለነበር ዘንቢሉን የሚሸከም ሰው ፈለገች።

በማረሚያ ቤት ጥየቃ ከአጥሩ ወዲህና ወዲያ ቆሞ ነው። በመካከል የአንድ ሰው ቁመት የሚያህል ክፍተት አለ፤ ሁሉም ስለሚጮህ ማንም አይሰማም። አባቴ ሲመጣ አረማመዱን አየሁ። ግራ እግሩን እንደ ሰው ዕቃ ነበር የሚያስቀምጠው፣ በጥንቃቄ። የፕላስቲክ ጫማው ፊቱ በምላጭ ተቀዷል።

«አባዬ፣ እግርህ ምን ሆነ?»

«ምንም አይደለም። ጫማው ልጦኝ ነው።»

«መቼ?»

«ሰሞኑን።»

ከጎኑ የቆመ ሌላ እስረኛ ሊጠይቀው የመጣ ዘመዱን እያነጋገረ ሳለ ወደ እኔ ዞር ብሎ «ከፋሲካ ጀምሮ ነው፣ አትመኚው» አለኝ። አባቴ በክርኑ ገፋው። ሰውዬው «ምን ትገፋኛለህ፣ ሽታህን የምችለው እኔ ነኝ» ብሎ ሳቀ። አባቴም ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም፤ መሬት መሬት ታያለች።

አባቴ ስኳር አለበት። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ሲላጥ ተራ ነገር እንዳልሆነ እንኳን እኔ፣ በባዮሎጂ ከክፍሉ መጨረሻ የወጣች ጓደኛዬም ታውቀዋለች። ጠባቂውን ለምኜ ክሊኒኩ ውስጥ የሚሠራው ነርስ እንዲመጣ አስጠራሁት። እዚያ ግቢ ሁሉም «ዶክተር» ነው የሚሉት፤ እሱም ማረም ትቷል። ነጭ ጋዋኑ አንድ ኪሱ ተገንጥሏል።

«ያለኝ ማጠቢያና የሕመም ማስታገሻ ነው» አለኝ። «ይኼ እግር ሆስፒታል ይፈልጋል። መኪናውም አጃቢውም ይገኛል። ለሕክምናው የሚሆን በጀት ግን እስካሁን አልመጣልንም። ጤና መድን አላችሁ?»

«አለን» አልኩት። አፌ ከእኔ ቀደመ።

«እንግዲያማ ምን ቸገረን። ደብተሩን አምጪልኝ፤ ሪፈሩን ዛሬውኑ ጽፌ አስቀምጠዋለሁ።»

እንዲህ ቀላል ነበር። በሚኒባሱ ውስጥ እየተመለስን ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። እናቴ ግን በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ታያለች። ቤት ስንደርስ ደብተሩን ከሳጥኑ አወጣሁና ገለጥኩት። ቀዩን መስመር ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

እናቴ ጫማዋን ታወልቃለች። ቀበቶውን ፈታች፣ መልሳ አሰረችው፣ እንደገና ፈታችው።

«ጥር ላይ ነው» አለች።

ጤና መድን እኛ ጋ የሚታደሰው እህል ተወቅቶ ገበሬው ካረፈ በኋላ፣ ጥር ላይ ነው። ቀበሌ ሄዳ ተሰልፋለች። ከፊቷም ከኋላዋም የሰፈር ሰው ነው። መዝጋቢዋ «አባወራውስ?» ትላታለች። እናቴ «ለሥራ ሄዷል» ትላለች። «ይመለሳል?» «ቶሎ አይመለስም።» «ስንት ጊዜ?» «ዓመታት።» በቃ፣ ይህን ብላ መጣች። መዝጋቢዋም ማስመሪያዋን አነሳች።

ሰኞ ትምህርት ቤት ቀርቼ ቀበሌ ሄድኩ። መዝጋቢዋ ሰፈሩ ሁሉ «አዴ» የሚላት ወፍራም ሴትዮ ናት፤ አዴ በኦሮምኛ ለትልቅ ሴት የሚሰጥ ክብር ነው፣ እንደ ወይዘሮ። ደብተሩን ዘረጋሁላት።

«አዴ፣ አባቴን መልሱልኝ።»

«የት ሄዶ ነው የምንመልሰው?» አለች፤ ወረፋው ሳቀ።

አባቴን ደብተሩ ላይ እንድትመልሰው እንደምፈልግ ነገርኳት። ምዝገባ በጥር ነው፣ አሁን ሰኔ ነው፣ አዲስ አባል አይገባም አለችኝ። አዲስ አይደለም፣ ፎቶው ይኸው አልኳት። ለቅቆ የሄደ ሰው ሲመለስ እንደ አዲስ ነው አለችኝ። ጠጋ ብዬ፣ ቀስ ብዬ፣ ማረሚያ ቤት እንዳለ ነገርኳት። እሷም ቀስ ብላ «እንደዚያ ከሆነማ መንግሥት ነው የሚያሳክመው። ወይም እዚያ እንዳለ ከማረሚያ ቤቱ ደብዳቤ አምጪ» አለችኝ።

ማክሰኞ ማረሚያ ቤት ሄድኩ። ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ ደግሞ «በመጀመሪያ የእናንተ ነዋሪ ስለመሆኑ ቀበሌው ይጻፍልን፤ እኛ ለማን ብለን ነው ደብዳቤ የምንሰጠው?» አለ። ረቡዕ ቀበሌ ሄድኩ። ቀበሌው «ለቅቆ የሄደን ሰው ነዋሪያችን ነው ብለን አንጽፍም» አለ። ሐሙስ የትም አልሄድኩም። ቤት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ከዚያ የሚያለቅሰው ሰው እኔ መሆኔ አናደደኝ። እግሩ የእሱ ነው፤ ጥፋቱ የእነሱ ነው፤ እንባው የኔ የሆነው በየትኛው ሕግ ነው?

ዓርብ ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ ከሚጽፉት ሽማግሌዎች አንዱ ጋ ሄድኩ። ሰውዬው ዝነኛ ነው፤ ገበሬው ከጭልሞ ደን በኩል ሳይቀር ወርዶ እሱ ጋ ነው የሚያጽፈው። ሁሉንም ነገርኩት። ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ፣ በጣም አዘነ፣ ከዚያ መጻፍ ጀመረ። ሲጨርስ አነበበልኝ። «ከታላቅ አክብሮት ጋር» ይላል፣ ቀጥሎ ሌላ ታላቅ አክብሮት አለ፣ ከዚያ «ወላጅ አባቴ በአሁኑ ወቅት ከመኖሪያ አካባቢያቸው ርቀው በሚገኙበት ሁኔታ ላይ ስለሚገኙ» ይላል።

«አባባ፣ ታስሯል ይበሉልኝ።»

«እሱማ ይገባቸዋል።»

«አልገባቸውም እኮ። ችግሩ እሱ ነው። ታስሯል ብለው ይጻፉ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ልጄ፣ እንዲህ ያለ ነገር ለቢሮ ተገልጦ አይጻፍም። ነውር ነው። ነገ አንቺም ትዳሪያለሽ፣ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል።»

እኔ እግር ይዤ መጥቼ እሱ ስለ ሰርጌ ያስባል። ወረቀቱን አጥፌ ተመለስኩ።

ቤት ስገባ የእህቴን ደብተር ከመሃሉ ሁለት ወረቀት ገነጠልኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ የጻፍኩት ሁሉ ለአስተማሪ ነው፤ መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ። ማመልከቻ የሽማግሌ ሥራ ይመስለኝ ነበር። በኦሮምኛ ጻፍኩት፣ የቢሮው ቋንቋ እሱ ነው፤ በአማርኛ ሲሆን እንዲህ ይላል፦ «አባቴ ቤቱን ለቅቆ አልሄደም። ታስሯል። ጥር ላይ እናቴ ለሥራ ሄዷል ያለችው አፍራ ነው። እናንተም ሳታጣሩ ሰረዛችሁት። ስኳር አለበት፤ ግራ እግሩ ቆስሏል። ደብተሩ ላይ ስላልተመለሰ ሆስፒታል አልሄደም። ስሕተቱን አርሙልኝ።» አለቀ። ታላቅ አክብሮት የለበትም። ሳነበው ሌላ ሰው የጻፈው መሰለኝ፣ ያ ሌላ ሰው ደግሞ የማይፈራ ሰው ነው። ሁለቴ ገለበጥኩት፣ በሁለተኛው ጊዜ «አርሙልኝ» የሚለውን «አርሙ» አደረግሁት።

ሰኞ ጠዋት ወረፋ ሳይኖር ለአዴ ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ አነበበች። «አፍራ ነው» የሚለው ላይ ስትደርስ ቆመች። በሩን ዘግቼ እንድቀመጥ ነገረችኝ።

«የማላውቅ መስሎሽ ነው?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«አባትሽ የት እንዳለ። ባሌ ችሎት ሄዶ አይቶታል፤ ፍርዱ በተሰጠ ሳምንት ነው የሰማሁት። እናትሽ ጥር ላይ እዚህ ፊቴ ቆመች። ወረፋው እስከ ደጅ ነው። ዐይኗን አየሁት፣ ልትወድቅ ምንም አልቀራትም። እና ምን ልበል? ባልሽማ ታስሯል ብዬ ያን ሁሉ ሰው ላሰማባት? ያለችኝን ተቀብዬ ለቅቆ ሄዷል ብዬ ጻፍኩላት። ለእሷ ብዬ ነው።»

«ታስሯል ብለሽ ብትጽፊ ኖሮ ይሰረዝ ነበር?»

አሰበች። ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰበች ይመስለኛል።

«አይሰረዝም ነበር። የታሰረ ሰው ቤቱን ለቀቀ አይባልም።»

«ስለዚህ ለእናቴ ብለሽ አባቴን ሰረዝሽው።»

«አንቺ ልጅ ነሽ፣ ይሉኝታ አይገባሽም።»

ገብቶኛል። ያን ጊዜ ነው ሁሉም ነገር የገባኝ። እናቴ ሰውን ፈርታ ዋሸች፤ አዴ እናቴን አክብራ የዋሸችውን ጻፈች፤ ማመልከቻ ጸሐፊው እኔን ጠብቆ አድበስብሶ ጻፈ። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ብጣላቸው ይቀለኝ ነበር። ሁሉም ጨዋ ናቸው። በጨዋ ሰዎች መካከል የአባቴ እግር እየሸተተ ነው።

አዴ መንገዱን ነገረችኝ። ሰውዬው መጀመሪያውኑ ካልሄደ የሚያስፈልገው ምዝገባ ሳይሆን እርማት ነው፤ እርማት ጥርን አይጠብቅም። ሁለት ነገር ይፈልጋል። እናቴ ራሷ መጥታ ጥር ላይ የተናገርኩት ትክክል አልነበረም ብላ ትፈርማለች። ሦስት የሰፈር ሰዎች ደግሞ ሰውዬው ነዋሪ እንደሆነና አሁን የት እንዳለ ይመሰክራሉ።

«የት እንዳለ?» አልኳት።

«የት እንዳለ። ሳያውቁ እንዴት ይመሰክራሉ?»

እናቴ እምቢ አለች። ተቆጣች፣ ደግሞ እውነት አላት፤ እሱን ነው መጻፍ የሚከብደኝ። «እህትሽ ገና አምስተኛ ክፍል ናት» አለች። «የሌባ ልጅ ሊሏት ነው። አንቺ ትችያለሽ፣ ጥርስ አለሽ። እሷስ?»

«አባዬ እግሩን ሲያጣስ ምን ይሏታል?»

«እግዚአብሔር ያውቃል።»

«እግዚአብሔር ያውቃል፣ ቀበሌው ግን ወረቀት ይፈልጋል።»

በጥፊ መታችኝ። ይገባኝ ነበር ወይም አይገባኝም ነበር። ከዚያ ሁለት ሳምንት ሙሉ አልተነጋገርንም፤ እነዚያን ሁለት ሳምንታት አሁንም አልረሳኋቸውም፣ እነሱም አባቴን አልረሱትም። በሁለተኛው ቅዳሜ ከጥየቃ ስትመለስ ዘንቢሉ ውስጥ ምግቡ እንዳለ ነበር። አባቴ ትኩሳት ይዞት ወደ አጥሩ መውጣት አልቻለም፤ ለጠባቂው ልትሰጥለት ብትል «የሚበላ ሰው አይደለም» ብሎ መለሰላት። ዘንቢሉን መሬት ላይ አስቀመጠችና ሻርፗን ሳታወልቅ «ሦስቱን ሰዎች ማንን እንጥራ?» አለችኝ።

የእድሩን ዳኛ፣ የግድግዳ ጎረቤታችንንና የጸሎት ርእስ የሚያነቡትን ሽማግሌ ጠራን። እናቴ ከቤታችን በር አጠገብ ቆማ፣ ማንንም ሳታስቀምጥ፣ በአንድ ትንፋሽ ነገረቻቸው። ማንም አልደነገጠም። ጎረቤታችን «እሺ፣ ወረቀቱ የታለ?» አለች። የእድሩ ዳኛ የአባቴን ስም ከነአባቱ ስም ጠርቶ «ምን ብለን ነው የምንፈርመው?» አለ።

«ታውቁ ነበር?» አልኩ። ማንንም ሳይሆን ሦስቱንም።

«ታዲያስ» አለ የእድሩ ዳኛ። «እናትሽ እስክትነግረን ነበር የምንጠብቀው።»

ወደ ሽማግሌው ዞርኩ። «ጋሼ፣ እርስዎ በየሳምንቱ በሩቅ አገር ስላለው ወንድማችን እያሉ ያነቡ ነበር እኮ።»

«አነብ ነበር።»

«ወለጋ እንዳልሆነ እያወቁ?»

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለት ነው በኦሮምኛ። «እግዚአብሔር አድራሻ አሳስቶ አያውቅም። ጸሎቱ የሚደርስበት ደርሷል።»

ጎረቤታችን ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ያዘችው። እናቴም ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ጸሎቱ ደርሶ ከሆነ ሰዎቹ እንዴት አልደረሱም? የሚያውቅ ሁሉ ከስድስት ወር በፊት ቀበሌ ሄዶ «ሰውየው አለ፣ አትሰርዙት» ሊል ይችል ነበር። አላለም፤ ምክንያቱም እንዲህ ማለት እናቴን ማዋረድ ነው። በአንድ ቤት ዙሪያ ይህን ያህል ሰው በፀጥታ ቆሞ ሲያከብረን ኖሯል።

ፈረሙ። እናቴም አዴ ፊት ፈረመች። አዴ በቀዩ መስመር ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ማኅተም የሚመታበትን ቦታ አዘጋጀች፣ «በስሕተት የተሰረዘ» ብላ ጻፈች፣ መታች። ከጎኑ ምን እንደምትጽፍ ጠየቀችኝ።

«ታስሯል ብለሽ ጻፊ» አልኳት። ጻፈች። እጅ ጽሑፏ ያምራል፣ ምን ላድርግ።

ደብተሩን ይዤ ማረሚያ ቤት ስደርስ ነርሱ ገልጦ ገልጦ አየው። «እንዴት አስመለስሽው?» አለኝ። «እዚህ በዚሁ የቀሩብኝ ሰዎች አሉ። ቤታቸው መድን አለው፣ እነሱ ግን ከደብተሩ ወጥተዋል።» ማመልከቻዬን ቅጂውን አሳየሁት። እዚያው ቆሞ በሪፈር ወረቀት ጀርባ ላይ ገለበጠው፤ የእግሩን ቦታ ባዶ ተወው፣ ሌላ ሰው ሌላ ነገር ሊያመው ይችላል ብሎ። ከዚያ ወዲህ ለአራት ሰዎች ጽፌያለሁ። ሁለቱ ደብተራቸው ላይ ተመልሰዋል። አንዱ እስካሁን መልስ የለውም። የአንዱ ሚስት ወረቀቱን ቀድዳ ጣለችው፤ ልጽፍላት እችላለሁ፣ ልፈርምላት ግን አልችልም።

አባቴ ሆስፒታል የሄደው በዚያው ሳምንት ነው። እኔና እናቴ ቀድመን ደርሰን ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ደብተሩን ሰጠን። ካርድ የሚያወጣው ልጅ ፎቶውን አየ፣ ማኅተሙን አየ፣ «ገብቷል» ብሎ መለሰልኝ። ያን ቃል ሲለኝ እግሬ መሬት አልነካም። ገብቷል። ለአራት ሳምንት የለመንኩት አንዲት ቃል ነበረች።

አባቴ በአጃቢ ፖሊስ መጣ፣ አንድ እጁ ከፖሊሱ እጅ ጋር ታስሯል። ፖሊሱ ወጣት ነው፤ አባቴ ሲያነክስ እሱም አብሮ እየዘመመ ይሄዳል። «አባቴ፣ ቀስ ይበሉ፣ እኔም ልወድቅ ነው» ይለዋል። በኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ያኔ ከገበያ የምናውቃት የቅመም ነጋዴ መጣች፣ ልጇን አሳክማ እየወጣች ነው። እናቴን ሳመቻት። «ማን ታሞባችሁ ነው?»

«አንድ ዘመድ» አለች እናቴ።

አባቴ ከእኛ አራት እርምጃ ራቅ ብሎ ነው የተቀመጠው። ሰምቷል። የእስር ሰንሰለቱን በጋቢው ጫፍ ሸፈነው። ሴትዮዋም አላየሁም ለማለት ወደ ሌላ በኩል ዞራ ሄደች። እኔ አፌን ስከፍት አባቴ ከሩቅ ራሱን ነቀነቀ፤ ተያት ማለቱ ነው። ለዚያች ሴት ስል ሳይሆን ለእሱ ስል ተውኩት። እናቴ በቀበሌ ፈርማለች፣ በኮሪደር ገና ናት።

ዶክተሩ ፋሻውን ሲፈታ እኔ ብቻ ነበርኩ የገባሁት። ፖሊሱ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ዶክተሩ በጓንት ነካ ነካ አደረገ፣ ስለ ትኩሳቱ ጠየቀ፣ አንድ ወረቀት ላይ ጻፈ። ከዚያ ትንሿና ከእሷ ቀጥላ ያለችው ጣት መቆረጥ እንዳለባቸው ነገረን። እግሩ እንደሚተርፍ ተስፋ አለው፤ ተስፋ ነው ያለው፣ በእርግጠኝነት አልተናገረም።

«ምነው እስከዚህ ቆያችሁ?» አለ። ቁጣ አልነበረበትም፤ የደከመ ሰው ጥያቄ ነው። «ከአንድ ወር ተኩል በፊት ብትመጡ ኖሮ በመድኃኒት ይድን ነበር።»

አባቴ ቀደመኝ። «መንገዱ ነው፣ ዶክተር» አለ። «ክረምትም ገባ። አልተመቸንም።»

ከማረሚያ ቤቱ እስከ ሆስፒታሉ አስፋልት ነው። በባጃጅ ይደርሳል። አባቴ ጣቶቹ ሊቆረጡ ተኝቶ እንኳ የማንንም ፊት ሊያጠቁር አልፈለገም፤ የአዴንም፣ የእናቴንም፣ የማያውቀው ቢሮ ውስጥ የተቀመጠውንም ሰውዬ።

«አይደለም፣ ዶክተር» አልኩ። «መንገዱ ደህና ነው።»

ከጥር ጀምሬ ነገርኩት። ወረፋውን፣ እናቴ ያለችውን፣ አዴ ያላለችውን፣ ማስመሪያውን፣ ማክሰኞና ረቡዕ የተመላለስኩበትን ደብዳቤ፣ ሁለቱን ሳምንታት። ዶክተሩ የሚቸኩል ሰው አልነበረም፤ ጓንቱን እንዳደረገ፣ ሁለቱን እጆቹን ወደ ላይ አንስቶ፣ አዳመጠኝ። ፖሊሱም ከመስኮቱ ዞሮ ነበር። አባቴ ትራሱ ላይ ሆኖ ጣሪያውን ያያል። ትንፋሽ ለመውሰድ ስቆም ወደ እኔ ዞረ።

«ጨረስሽ?» አለኝ።

«አልጨረስኩም» አልኩት።